ጨው የሌለበት ድስት

ዶክተር ፊልጶስ የደም ግፊት መለኪያውን ከሰኪና ክንድ ላይ ፈታው። ከዚያ መልሶ አሰረው። ሰኪና ልቧ ድንግጥ አለ፤ ቁጥሩ ደህና ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ እንደማይለካት ታውቃለች።

«ጨው ትተዋል፣ ወይዘሮ ሰኪና?»

«ትቻለሁ።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«ቅንጣት አላስገባም ብያለሁ እኮ።»

ወጣቱ ሐኪም ቀና ብሎ አያት። ለሰኪና አስተያየቱ ውሸታም ብሎ ከመስደብ አላነሰባትም። ኪኒኑን በሰዓቱ እንደምትወስድ ጠየቃት፤ እንደምትወስድ ነገረችው። ሌላ ኪኒን ከመጨመሩ በፊት እስከሚቀጥለው ቀጠሮ እንደሚታገሣት፣ እሷም ወደ አፏ የሚገባውን ሁሉ አንድ በአንድ እንድትመረምር አስጠነቀቃት። ልትወጣ ስትል፣ «ጨው ወደ ምግብ የሚገባው እርስዎ ሲጨምሩት ብቻ እንዳይመስልዎት» አላት። ሰኪና ይህችን ቃል ይዛ ወጣች። እኔ ካልጨመርኩት ማን ጨመረው?

ሰኪና ሃምሳ አምስት ዓመቷ ነው። ባሏ ዐብዱረሕማን ጎንደር አራዳ ውስጥ ከአባቱ የወረሰው የጨርቅ ሱቅ አለው፤ ቤታቸውም ከሱቁ ጀርባ ነው። የወር አበባዋ ከቀረ ወዲህ ፊቷን በድንገት የሚያግላት ወላፈን፣ ማጅራቷን ቀፍድዶ የሚይዛት ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣቱ ሁሉ የዕድሜ ነው ብላ ችላው ነበር። ነርሷ ልጇ ነጃት አንድ ቀን ለጨዋታ ያህል ግፊቷን ለክታት ነው ደንግጣ እየጎተተች ሐኪም ዘንድ የወሰደቻት። ያኔ ፊልጶስ እንዳስረዳት፣ ሴት ልጅ ካረጠች በኋላ ሰውነቷ ጨውን እንደ ድሮው አያስተናግደውም፤ በሠላሳ ዓመቷ ምንም ያላደረጋት ጨው በሃምሳዋ ደም ሥሯን ያስጨንቀዋል።

ለሰኪና ይህ ተረት አልነበረም። እናቷ ለመግሪብ ውዱእ እያደረገች ሳለ አንድ ጎኗን ያዛት። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ አልጋ ላይ ነበረች፤ ያገላበጠቻት፣ ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት ሰኪና ናት። ስለዚህ ጨው ተው ስትባል እንደ ሌላው ሰው አላንገራገረችም። ያን ዕለት ማታውን የጨው ዕቃውን ከወጥ ቤት አውጥታ መኝታ ቤት ቆለፈችበት።

ቤቱ ግን እንደ እሷ አልቆረጠም። ዐብዱረሕማን የቀረበለትን በዝምታ ይበላል፤ ሱቅ ሲመለስ ግን ጎረቤት ምግብ ቤት እንደሚገባ ታውቃለች። በግልጽ የምታጉረመርመው ዐዚዛ ነበረች።

ዐዚዛ የዐብዱረሕማን እኅት ናት፤ ከዚያ በፊት ግን የሰኪና ጓደኛ ነበረች። ቁርአን ቤት አንድ ሰሌዳ ላይ አብረው ተምረዋል፤ ሰኪናን ለወንድሟ ያጨቻትም ራሷ ናት። ባሏ ሲሞት ልጇ አብዱልመናን ቆላ ድባ እህል ነጋዴ ነውና እኔ ዘንድ ነይ ብሏት ነበር፤ እሷ ግን ከሰኪና ርቄ የት እሆናለሁ ብላ ወደ ወንድሟ ቤት ገባች። ሁለቱ ሴቶች ወጥ ቤቱን እየተጋሩ ዓመታት ኖሩ። አሁን ዐዚዛ ጉርሻዋን አፏ ውስጥ እያገላበጠች፣ «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ ያሉት ለካ ለዚህ ነው» ትላለች። በሽተኛ እኔ አይደለሁም፣ እኔን ምን በወጣኝ ትላለች። ለቀልድ ነበር፤ ዐዚዛ የሚያማትን ነገር እንኳ በቀልድ ነው የምትናገረው። ከሐኪም ቤት ከተመለሰች በኋላ ግን ለሰኪና ቀልዱ ሁሉ ሌላ ሆኖ ይሰማት ጀመር።

ወጡን በትኩረት መቅመስ ጀመረች። ጨው አለው። ብዙ አይደለም፤ ግን አለው። እሷ እንዳልጨመረችበት በአላህ ስም ልትምል ትችላለች። ጨው ስለቀረ ወጡ ጣዕም እንዳያጣባት በርበሬውን እጥፍ አድርጋ ነበር የምትሠራው፤ ለጣዕም ከዚያ ሌላ የምታስገባው ነገር የለም። ታዲያ ይህ ምላሷን ቆንጠጥ የሚያደርጋት ምንድን ነው? ድስቱን ጥዳ ለዙሁር ሶላት ትገባና ስትመለስ መጀመሪያ የምታየው ክዳኑን ነው፤ እንደተወችው ነው ወይስ ተነክቷል? አንድ ጊዜ ዐዚዛ ማማሰያውን ይዛ ቆማ አገኘቻት። ወጡ ሊያርር ነበር አለቻት። ሰኪና ሌሊቱን ያን ማማሰያ ስታስብ አደረች።

ነጃት የገዛችላት መለኪያ ጧት ጧት የሚነግራት ቁጥር ፈቀቅ አልል አለ። በለካች ቁጥር ትደነግጣለች፤ በደነገጠች ቁጥር ዐዚዛን ታያለች። እጇን፣ ኪሷን፣ የነጠላዋን ጫፍ። አብረው ሽንኩርት ሲከትፉ እንኳ ወሬ አጠረባቸው። ዐዚዛ ምነው ተለወጥሽብኝ ብላ ጠይቃት ነበር፤ ሰኪና ራሴን አሞኝ ነው አለች። ያም እውነት ነበር።

አርብ ቀን፣ ዐብዱረሕማን ከመስጊድ ተመልሶ ሦስቱም ምሳ ላይ ሳሉ፣ ዐዚዛ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ከቋጠሮዋ ቆንጥራ በጎኗ ባለው ወጥ ላይ ነሰነሰች። ሰኪና እጇን አፈፍ አድርጋ ያዘቻት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጨው ነዋ። በራሴ በኩል ነው የነሰነስኩት፤ አንቺ ዘንድ አልደረሰ።»

«ድስቴ ውስጥስ?»

ዐዚዛ ነገሩ አልገባትም ነበር። ሲገባት ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ እንዳለ ቀረ፤ ዓይኗ ብቻ ተለወጠ።

«ምን አልሽኝ ሰኪና?»

«እናቴን ሳገላብጣት አጠገቤ ነበርሽ። እንዴት እንደሞተች አይተሻል። አፍሽ ስላልጣፈጠው እኔንም እንደዚያ ልታደርጊኝ ነው?»

ዐዚዛ እጇን አስለቀቀች። ቀስ ብላ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ዐብዱ፣ የምትለኝን ትሰማለህ?» አለችው። ዐብዱረሕማን ዓይኑን ከምንጣፉ ላይ አላነሣም። አንዲት ቃል ብቻ ብትወጣው ኖሮ ነገሩ በዚያው ይበርድ ነበር ይሆናል፤ ግን አልወጣችውም። ዐዚዛ ጥቂት ጠበቀችው። ከዚያ ተነሥታ እጇን ታጠበች።

አላለቀሰችም፣ አልተራገመችምም። ልብሷን በአንዲት ቦርሳ ከተተች። ከወጥ ቤቱ የወሰደችው አንዲት ላስቲክ በርበሬ ብቻ ነው፤ የሰኪና በርበሬ ካልሆነ በሌላ የተሠራ አይዋጥላትም ነበር። በበነጋው በጧት አብዱልመናን መጥቶ ቆላ ድባ ወሰዳት። ሰኪና መስኮቱ ጋ ቆማ አየቻቸው እንጂ አልወጣችም።

ቤቱ ጭር አለ። ሰኪና አሁን ብቻዋን ታበስላለች፤ ከእሷ በቀር ድስቱን የሚነካ እጅ የለም። ባሏ ሱቅ ውሎ ሲገባ የሚያናግራት ለሚያስፈልግ ነገር ብቻ ነው። እሷም ቁጥሩ ሲወርድ ያየኛል ብላ ራሷን ታጽናናለች። አንድ ሳምንት ጠበቀች። ከዚያ ባሏ ወደ ሱቅ በወጣበት ጧት ተረጋግታ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን አስደግፋ፣ ነጃት እንዳስተማረቻት እግሯን ሳታነባብር ለካች።

መቶ ሰባ ስምንት።

ተሳስቷል ብላ ደገመችው። መለኪያው ቃሉን አላጠፈም።

ሰኪና መለኪያውን ክንዷ ላይ እንዳሰረችው ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። ከትናንት የተረፈውን ወጥ በጣቷ ጠቅሳ ቀመሰች። ጨው አለው። ማንም ባልገባበት ቤት፣ ማንም ባልነካው ድስት፣ ጨው አለው። ዙሪያዋን አየች፤ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ የበርበሬው ዕቃ። እጇ ወደ በርበሬው ሄደ፣ ግን ወዲያው አልከፈተችውም። ከመክፈቷ በፊት ነገሩ ገብቷት ነበር። ደረቁን በርበሬ በጣቷ ጫፍ ነክታ ምላሷ ላይ አደረገች፤ ማቃጠሉ እስኪመጣ ድረስ ጨውነቱ ቀድሞ አፏን ሞላው።

በጥቅምት ነበር ያዘጋጀችው፣ ገና ሐኪም ሳታውቅ። ዛላውን ለቅማ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ደልዛ፣ አድርቃ፣ ቅመሙን ካመሰች በኋላ ጨዉን በሳህን እየሰፈረች ያፈሰሰችበት ራሷ ናት። የሰኪና በርበሬ ዓመት ቢቀመጥ አይነቅዝም፣ ሻጋታ አያውቀውም እየተባለ የሚወራው በዚያ ጨው ነው። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሴቶቹ እጅሽ ሙሉ ነው ሲሏት ደስ ብሏት ነበር። ሽሮውም ያው ነው። ደግሞ ወጡ ጣዕም አጣ ብላ እጥፍ አድርጋ ስትጨምር ከርማለች። ነርስ ልጇ እንኳ አላሰበችውም፤ በርበሬ በርበሬ ነው እንጂ ማን ጨው ብሎ ይቆጥረዋል።

ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አለች። ያን ሰዓት ስለ ራሷ ደም ግፊት አላሰበችም። ያሰበችው በመጀመሪያ ዐዚዛ ወደ ወንድሟ የዞረችበትን አኳኋን ነው። ቀጥሎ የመጣባት ሐሳብ ግን ከተቀመጠችበት አስነሣት። ዐዚዛ በሁለት ዓመት ትበልጣታለች። ዐዚዛም ካረጠች ቆይታለች። ይህንኑ በርበሬ እሷም ስትበላ ኖራለች፣ በዚያ ላይ ጨው እየነሰነሰች። አንድም ቀን ተለክታ አታውቅም።

ለአብዱልመናን ደወለች። እናቱ ራሴን አሞኛል ብላ መክረሟን፣ ምራቷ የሠራችውን አልበላም ብላ በያዘችው በርበሬ ለብቻዋ እያሠራች እንደምትበላ ነገር በሰለቸው ሰው ድምፅ አጫወታት። ከዛሬ ጧት ጀምሮ ደግሞ ጭራሽ አኩርፋ ለማንም አትናገርም አለ። ሰኪና መለኪያውን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ለባሏ ቆላ ድባ ሄጃለሁ ብላ ሱቁ በር ላይ ነግራው አለፈች። መነኻሪያው ውስጥ መንገዱ በጸጥታው ምክንያት ከሰዓት በኋላ ይዘጋል የሚል ወሬ ነበር። ሹፌሩ ለመሄድ እንጂ ለመመለስ ዋስ አልሆንም አላት። ገባች።

መንገዱን ሁሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ሄደች። አዘዞን አልፈው ሜዳው ሲከፈት እርሻውን አላየችውም። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ትላለች፤ ጉልበቷን ትስማለች፤ ዐዚዛ ትሰድባታለች፣ ትሰደባለች፤ ከዚያ ትለካታለች።

ዐዚዛ ከግድግዳው ጥግ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። ሰኪና ስትገባ አልዞረችም። ሰኪና ተንበርክካ ጉልበቷን ሳመች። ስህተቱ የእኔ ነው፣ ጨዉ በርበሬው ውስጥ ነው፣ ያስገባሁትም ራሴ ነኝ አለቻት፤ መንገድ ላይ ያሰናዳችው ሁሉ ጠፍቷት በአንድ ትንፋሽ ነው ያለችው። «አፉ በይኝ፣ እኅቴ።» ዐዚዛ አልመለሰችም። አብዱልመናን አፍሮ አንገቱን ደፋ፤ ከነጋ እንዲህ ናት፣ ቂም ይዛለች አለ። ሰኪና ይገባኛል ብላ በርከክ እንዳለች ቀረች። ሲያንሰኝ ነው፣ ትጨክንብኝ አለች በልቧ።

ምራቷ ሻይ አመጣች። ዐዚዛ እጇን ዘርግታ ብርጭቆውን ተቀበለች።

በግራ እጇ ነበር የተቀበለችው።

ሰኪና ዓይኗን አላመነችም። ዐዚዛ በግራው የሚበላ ልጅ ስታይ እጁን መታ የምታስመልስ ሴት ናት። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። ሰኪና አገጯን ይዛ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ቀኝ ከንፈሯ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ዐዚዛ አየቻት፤ ዓይኗ ውስጥ ቂም አልነበረም፣ ፍርሃት ነበር እንጂ። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ድምፅ ቃል አይደለም።

«አላኮረፈችም» አለች ሰኪና። ድምፅዋ ራሷንም አስፈራት። «አብዱልመናን፣ መኪና ፈልግ። እናትህ አላኮረፈችም።»

የሰኪናን እናት ጎኗን የያዛት ቀን ደክሟት ነው ብለው እንድትተኛ ትተዋት ነበር። ሰኪና ያንን አልረሳችም።

አብዱልመናን ሚኒባስ ለምኖ አመጣ፤ ተሸክመው ኋላ ወንበር ላይ አስተኟት። መኪናው ሲነሣ ሰኪና በግራ ክንዷ ላይ ለካቻት። ቁጥሩን ስታይ መለኪያውን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ለልጁ አልነገረችውም። የራሷን ኪኒን አወጣች። ይህን ብትውጥ ይወርድላት ይሆን? ውሃውን ከፍታ የዐዚዛን ራስ ቀና ስታደርግ ስልኳ ጮኸ፤ ነጃት ነበረች፣ አባቷ ደውሎላት ነው። ነጃት ነገሩን ሰምታ ኮስተር ባለ ድምፅ፣ «እማዬ፣ ምንም ነገር አፏ ውስጥ እንዳታደርጊ። ውሃም ቢሆን። ታንቃለች። በጎኗ አድርገሽ ይዘሻት ነይ፣ እኔ ከሐኪሞቹ ጋር በር ላይ እጠብቅሻለሁ» አለቻት። ሰኪና ኪኒኑን በመስኮት ወረወረችው። ዐዚዛን በጎኗ አዙራ ራሷን ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

ኬላው ላይ ገመድ ተወጥሯል። ከፊታቸው መኪኖች ተደርድረው አንዳንዱ እየዞረ ይመለሳል። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። አብዱልመናን ወርዶ ለመነ፤ ጠባቂው ትእዛዝ ነው፣ ማንም አያልፍም አለው። ሰኪና የዐዚዛን ራስ ከጭኗ አውርዳ ቀስ ብላ በነጠላዋ ላይ አሳረፈችው፤ ወረደች። አልለመነችም። ጠባቂውን ክንዱን ይዛ፣ «ና እያት» አለችው። ሰውየው እጁን ሊያስለቅቅ ፈልጎ ፊቷን ሲያይ ተከተላት። በመስኮቱ አጎንብሶ አየ። ዐዚዛ ያን ጊዜ ግራ ዓይኗ ብቻ ያለቅስ ነበር። ሰውየው ቀና ብሎ ለጓደኛው በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ገመዱ ወረደ።

ከዚያ ጎንደር እስኪደርሱ ሰኪና ስታወራላት ሄደች። ቁርአን ቤት ስለሰበሩት ሰሌዳ፣ ሼኩ እንዴት እንዳባረሯቸው። እንዳትተኚ ትላታለች፣ ዐዚዛ ዓይኗን ስትከድን ጉንጯን መታ ታደርጋታለች። በመካከሉ ማጅራቷን እንደ ጉጠት የያዛት የራሷ ሕመም ነበር፤ እኔም እዚሁ ብወድቅስ የሚል ሐሳብ መጥቶባት አሁን አይደለም ብላ አባረረችው።

ነጃት እንዳለችው ሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆማለች። ዐዚዛን ከእጃቸው ተቀብለው አስገቧት። ዐብዱረሕማን ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ ሚስቱንም የእኅቱን ልጅም ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። አመሻሹ ላይ ዶክተር ፊልጶስ ወጥቶ አንዲት የጭንቅላት ደም ሥር መዘጋቷን፣ ግፊቷ ለብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ሳይታወቅ መቆየቱን ነገራቸው። ትተርፋለች አለ። ቀኝ እጇ ግን ወደ ነበረበት መመለሱን ቃል አልገባም። ሰኪና ስለ በርበሬው ነገረችው። እሱም ቤት በዚያው ዓይነት በርበሬ ወጥ እንደሚሠራና እስከዛሬ እናቱን ጠይቋት እንደማያውቅ ነገራት። የዚያኑ ዕለት እሷንም ለክቶ ሁለተኛ ኪኒን ጨመረላት።

ዐዚዛ ወደ አራዳው ቤት ተመለሰች። አብዱልመናን እኔ ላስታምማት ቢል ሰኪና አልሰማችውም። እንደ እናቷ አገላበጠቻት፣ አጠበቻት፣ አጎረሰቻት፤ ልዩነቱ ይህቺኛዋ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየተሻላት መሄዷ ነው። መጀመሪያ ስሞች ተመለሱላት፤ ከዚያ ስድብ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆኖ የወጣላት የመጀመሪያው ነገር ግን፣ «እኔ… አልጨመርኩም» የሚል ነበር።

ሰኪና ማንኪያውን አስቀመጠች። «አውቃለሁ» አለች። «እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ዐዚዛ ብዙ ጊዜ ወስዳ አየቻት። ይቅር ማለቷን አልተናገረችም። አፏን ግን ለቀጣዩ ጉርሻ ከፈተች።

ሰኪና በዚያ ሰሞን በርበሬ የሰጠቻቸውን ዘመዶች ቤት ለቤት ዞረች። ካረጡት ሴቶች ከዐሥር ዓመት ወዲህ ራሴን ያመኛል የምትል አንዷ ሄዳ ተለካች፤ ሌላዋ ግን ስጦታሽን ልታስመልሺ መጣሽ ወይ ብላ ተቀየመቻት። አዲሱን በርበሬ ያለ ጨው አስፈጨች። ከፊሉ በክረምቱ ሻገተባትና ደፋችው። ቁጥሯ በዝግታ ወረደ፤ ጧት ስትለካ አሁንም ትንፋሿን ትይዛለች።

ዐብዱረሕማን ከዚያች አርብ ወዲህ ለእኅቱ ገበያ ያመጣላታል፣ ከዘራ አሠርቶላታል፣ ሐኪም ቤት ያመላልሳታል፤ ስለዚያች ቀን ግን አንሥቶ አያውቅም። አንድ ምሽት ለሰኪና ብቻ፣ «እኔም አምኜሽ ነበር፤ ለዚያ ነው ዝም ያልኩት» ብሏት ነበር። ለእሷ ሳይሆን ለዐዚዛ ሊነገር የሚገባ ነገር መሆኑን ሰኪና ነገረችው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሱቁን በጊዜ ዘግቶ ገባ። ሰኪና ወጥ ቤት ሆና ከእኅቱ ፍራሽ አጠገብ ሲቀመጥ ሰማችው። ዝቅ ባለ ድምፅ ረጅም ጊዜ ተናገረ፤ ቃሉ አይሰማም። ዐዚዛ መለሰች፤ ቀስ እያለች፣ ቃል እየፈለገች፣ ግን ብዙ መለሰችለት። ሰኪና ምድጃውን ቀነሰችና በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችላቸው።